ሸክላ ወይስ ሲዲ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እኛ የድምፅ ዕቃ ወዳጆች ስንገናኝ ጨዋታው አያልቅም። አንዱ ሸክላ ይሻላል ይላል፣ ሌላው ሲዲ፣ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ስፒከር ገመድ ሲያወራ ያመሻል። በጣም ደስ ይላል። ግን ገና ለጀማሪዎች አንድ ነገር ልበል፦ ገንዘባችሁን ገመድ ላይ አትጨርሱ! እንደ ፈረንጆቹ በ1982 ገበያ የወጣው ሲዲ እንኳ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ስለሚለካ፣ የሰው ጆሮ የሚሰማውን እስከ 20,000 ኸርዝ (በሰከንድ 20,000 ንዝረት) ድረስ ለመያዝ በቂ ነው። ትልቁን ልዩነት የሚያመጡት ስፒከሩና ክፍሉ ናቸው። ስፒከሩን ከግድግዳው ጥግ ሳብ አድርጉት፣ የሚያጉረመርመው ባስ ረገብ ይላል። ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ ደግሞ የገደል ማሚቶውን ይቀንሳሉ። ይህን ሳይሞክሩ አዲስ አምፕሊፋየር መግዛት ያሳዝነኛል።

ለሸክላ ወዳጆች ደግሞ የምወደውን ወሬ ላካፍል። እንደ ፈረንጆቹ በ1977 ወደ ህዋ የተላኩት ሁለቱ የቮዬጀር መንኮራኩሮች በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ሸክላ ይዘዋል። ማጫወቻ መርፌው ሳይቀር አብሮ ተልኳል፣ አጠቃቀሙም ሽፋኑ ላይ በሥዕል ተቀርጿል። ዛሬም ከፀሐይ እየራቁ ነው። እባካችሁ እንዲህ ያሉ ወሬዎችን በመዝናኛ ዓምዳችሁ አብዙልን፤ እኛም የምንከራከርበት አናጣም።

የዘወትር አንባቢያችሁ