ቬንትሌተራችን ተቃጥሏል፣ እባካችሁ ዘንድሮም እጃችሁን ዘርጉልን

ሰላም የከተማችን ልጆች፣ አገር ቤትም ውጭም ያላችሁ። ኮሚቴው ሲጽፍ ያው ብር ሊጠይቅ ነው ብላችሁ እንደምታልፉት እናውቃለን፣ እውነቱን ለመናገር እኛም መለመን ደክሞናል። ግን ባለፈው ሳምንት ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጣና በሆስፒታላችን ካሉን ሁለት ቬንትሌተሮች (መተንፈስ ላቃተው ሰው አየር የሚሰጡ ማሽኖች) የአንዱን ቦርድ አቃጠለው፣ ነርሶቹ እየተፈራረቁ አምቡባግ የሚባለውን የአየር ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ ነው በሽተኛውን ያነጉት።

«ስታብላይዘር (የመብራቱን ኃይል የሚያመጣጥነውን ዕቃ) ባለፈው ስናዋጣ ለምን አልገዛችሁም» የምትሉ አላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ያኔ ብሩ ለማሽኑ አጠቃቀም ስልጠና ነው የሄደው፣ በሱ ግን አንቆጭም፣ ለምን ብትሉ ማሽኑ አየር ካበዛ የታመመውን ሳንባ ራሱ ይጎዳዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ሳንባቸው ክፉኛ የተጎዳ 861 ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ በአንድ ትንፋሽ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር አየር ከተሰጣቸው 40 በመቶ ገደማ ሲሞቱ 6 ከተሰጣቸው ግን የሞቱት 31 በመቶ ናቸው። ኪሎ ሲባል ደግሞ የሚዛኑ አይደለም፣ ሰው ስለወፈረ ሳንባው አይሰፋም እኮ፣ የሚሰላው በቁመት ነው። 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት 85 ኪሎ ብትመዝንም እንደ 52 ኪሎ ተቆጥራ በአንድ ትንፋሽ 315 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው የሚገባላት፣ በሚዛኗ ቢሰላ 510 ይሆን ነበር። አሁን አልጋው ጋ የልብስ ሰፊ ሜትር ተንጠልጥሏል፣ ከገዛነው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው (ደረሰኙም አለ፣ ለሚጠይቅ)።

በሽተኛውን ሳንባ ምች እንዳይይዘው የአልጋውን ራስጌ ከ30 ዲግሪ በላይ ቀና ማድረግ ብር አይጠይቅም፣ ነርሶቹ ያደርጉታል። ፊልተሩ፣ የአክታ መምጠጫ ቱቦው፣ የጉሮሮ ቱቦውን ፊኛ ግፊት የሚለካው ጌጅ ግን ይጠይቃል፣ የአንዱን በሽተኛ ፊልተርና መምጠጫ ቱቦ አጥቦ ለሌላው ማድረግ ደግሞ ሳንባ ምች መጋበዝ ነው።

ለቦርዱ፣ ለስታብላይዘሩና ለሦስት ወር ፊልተር 380 ሺህ ብር ያስፈልጋል፣ እጃችን ላይ 94 ሺህ አለ፣ ከፋሲካ ወዲህ ምንም አልገባም። ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም፣ ሳይሞት በፊትስ? ምጽዋትም በሉት ሰደቃ፣ ያው ለአንድ አልጋ ነው።

የምታስገቡት በኮሚቴው የንግድ ባንክ አካውንት ብቻ ነው፣ ቁጥሩ በየዕድሩ ጽሕፈት ቤት ተለጥፏል፣ ወጪ የሚሆነው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። ደግመን እንላለን፣ በኮሚቴው አካውንት ብቻ፣ በማንም የግል ስልክ ቴሌብር እንዳትልኩ። ስታስገቡ ስማችሁንና «ለሳንባ» የሚል ጻፉበት፣ ባለፈው ስም የሌለው 5 ሺህ ብር ገብቶ እስካሁን ማንን እንደምናመሰግን አላወቅንም።