ማሳየትና ማጋራት ይለያያሉ

ለአዘጋጁ፦

መምህራን በቴክኖሎጂ ዕውቀት ስለመጋራታቸው ያወጣችሁት ጽሑፍ ያተኮረው መሣሪያው ላይ ነበር። ችግሩ ግን የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይመስለኝም።

የትምህርት ዕቅድና ፈተና በየቻት ግሩፑ ይላካል። ሳምንት ሳይሞላው በሰላምታና በማስታወቂያ ክምር ሥር ይቀበራል። ብዙው ደግሞ ፒዲኤፍ ወይም ፎቶ ነው። ተቀባዩ አንዲት ጥያቄ ለመቀየር ሙሉውን እንደ አዲስ መተየብ አለበት። እኔም ስንት ሌሊት ተይቤያለሁ! ይህ ማሳየት እንጂ ማጋራት አይባልም።

የፈቃድ ጉዳይም አለ። ዩኔስኮ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባጸደቀው ምክረ ሐሳብ ክፍት የትምህርት ግብዓት የሚባለው ሌሎች በነፃ ሊጠቀሙበት፣ ሊያሻሽሉትና መልሰው ሊያሰራጩት የተፈቀደ ነው። ፈቃዱ ካልተጻፈ ጠንቃቃው መምህር ይተወዋል፤ ደፋሩ የባለቤቱን ስም ፍቆ የራሱን ይለጥፋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል አንድ የጋራ ማህደር ይክፈት። ፋይሉ ሊታረም በሚችል ቅርጽ ይቀመጥ። ስያሜው ክፍልን፣ ምዕራፍንና ቀንን ይያዝ፤ ከሥሩ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ባለቤቱ ሌሎች ሥራውን እንዴት መጠቀም እንደሚችሉ አስቀድሞ የሚገልጽበት ፈቃድ) ዓይነት ይጻፍበት። ማህደሩን ለሚያደራጀው መምህር ደግሞ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት።

አንድ መምህር