ትንሹን ኤም ፒ ስሪ መሸጥ ስላቆምንበት ምክንያት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ደሴ፣ ፒያሳ

ክቡራን ደንበኞቻችን፤

በ700 ብር ስንሸጠው የነበረውን ትንሹን ኤም ፒ ስሪ፣ ማለትም የዘፈን ማጫወቻ፣ ከመደርደሪያችን ካነሣን ወዲህ ብዙዎቻችሁ ተቀይማችኋል። «ጠግቦ ነው»፣ «ከእንግዲህ የሚሸጠው ለሀብታም ብቻ ነው» መባሉም ጆሮዬ ደርሷል። ከኩታበር የመጡ አንዲት እናት ደግሞ ለልጃቸው መግዣ የያዙትን ብር ከመሀረባቸው ሳይፈቱ ወጥተው ሄደዋል፤ እስካሁንም አልተመለሱም። አስቀድሜ በሩ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ይገባኝ ነበር፤ ይህን ባለማድረጌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ውሳኔው ግን ምክንያቴን ላስረዳችሁ እንጂ ይቅርታ ልጠይቅበት አልችልም።

በዕቃው ማሸጊያ ላይ «ባለ 64 ጊጋ ሚሞሪ» ተብሎ ተጽፏል። እኔም ጽሑፉን አምኜ ብዙ ሸጫለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ የረጅም መንገድ ሾፌር ደንበኛዬ፣ አዲስ ዘፈን በጫነ ቁጥር የቆየው እንደሚጠፋበት፣ አንዳንዱም ስሙ እየታየ ድምፅ እንደማይሰጥ ሲነግረኝ፣ መጀመሪያ ጥፋቱን በእርሱ አላክኬ ነበር። በኋላ ግን ከማጫወቻው ጋር የሚሸጠውን የሚሞሪ ካርድ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ፣ ዳር እስከ ዳር በፋይል ሞልቼ መልሼ ሳነበው በውስጡ ያለው 8 ጊጋ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ባለው ካርድ ውስጥ ማከማቻውን የሚቆጣጠር ትንሽ ቺፕ አለ፤ አጭበርባሪው አምራች ይህ ቺፕ የሌለውን መጠን እንዲናገር አድርጎ ያዘጋጀዋል፤ ስልኩም ኮምፒውተሩም ቺፑ የነገራቸውን ተቀብለው «64» ብለው ያሳያሉ። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ድረስ ምንም እንከን አይታይም፤ ከሞላ በኋላ ግን አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል፣ ወይም የትም ሳይቀመጥ ስሙ ብቻ ይቀራል። ከዚያው ካርቶን ሌሎች ሰባት አንሥቼ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ያህል ሰጥቼ ሞከርሁ፤ የተጻፈበትን ያህል የያዘ አንድም አላገኘሁም። ለአከፋፋዩ ደውዬ ዕቃውን ልመልስ ስለው፣ «ሁሉም ይኸንኑ ይሸጣል፤ አንተን ምን ልዩ አደረገህ?» የሚል መልስ ሰጠኝ። ካርቶኑ እስከ ዛሬ ከሱቁ ጓዳ ተቀምጧል፤ ማየት የሚፈልግ ይግባና ይመልከት።

ይህን ሱቅ የማውቀው ገና ካሴት ቤት ሳለ ነው። አባቴ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ሲቀዱ ከጎናቸው እየቆምሁ ነው ያደግሁት፤ ካሴቱን ለገዢ ከመስጠታቸው በፊት የ«ሀ»ንም የ«ለ»ንም ገጽ መጀመሪያና መጨረሻ ያደምጡ ነበር፤ ክሩ የተጨማደደ ከሆነ በእርሳስ መልሰው ያጠነጥኑትና ለራሳችን ቤት ያስቀሩታል። በዚህ የተነሣ በልጅነቴ ባቲና አምባሰልን የሰማሁት እየተንቀጠቀጠ ነው። ካሴቱ አልፎ ሲዲ፣ ሲዲው አልፎ ፍላሽና ሚሞሪ ሲመጣ፣ ሳያዳምጡ መሸጥ የለመድሁት እኔ ነኝ፤ አባቴ አይደሉም።

የዋጋውንም ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። አሁን የያዝነው ማጫወቻ 2,400 ብር ነው፤ ከቀድሞው ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑን አልክድም። በትንሹ ላይ 150 ብር አተርፍ ነበር፤ በዚህኛው 250 ብር አገኛለሁ፤ ነገር ግን ቀድሞ በሳምንት የሸጥሁትን ያህል ዛሬ በወርም አልሸጥም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ይህን የሚያካክስበት ኪስ የለውም። ከመርካቶ እስከ ደሴ ያለው 400 ኪሎ ሜትር የጭነት ዋጋም አብሮ ጨምሯል። በዚያ ላይ ስልኩ ሁሉን ነገር ስለያዘ ስመ ጥር አምራቾች ከዚህ ሥራ እየወጡ ነው፤ አፕል እንኳ አይፖድ የተባለውን ማጫወቻውን እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሟል። በርካሹ ገበያ የቀረው አብዛኛው ስም የሌለው ዕቃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍረኝን እውነት ልናገር፤ የካርድ ማስገቢያ ያለው ስልክ ካላችሁና ባትሪው የሚበቃችሁ ከሆነ፣ ማጫወቻ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ማጫወቻ የሚጠቅመው መብራት ሲጠፋ ስልኩን ለጥሪ ማቆየት ለሚፈልግ፣ ሌሊት ለሚጠብቅ ዘበኛ፣ የስልኩ ነገር ለሚያስቸግራቸው አዛውንቶች ነው። ለእነዚህም ቢሆን 64 ጊጋ ምን ያደርጋል? በተለመደው የኤም ፒ ስሪ ጥራት አንድ ደቂቃ ድምፅ የሚይዘው አንድ ሜጋ ያህል ነው፤ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 5 ሜጋ ቢሆን፣ እውነተኛ 32 ጊጋ ከ6,000 በላይ ዘፈን ይይዛል፤ ይህም ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ 20 ቀን ማለት ነው። የመጀመሪያው አይፖድ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ 5 ጊጋ ነበረ፤ 1,000 ዘፈን በኪስ ያዘ ተብሎም ተደንቆለታል። በተጨማሪም ከ32 ጊጋ በላይ የሆኑ ካርዶች ኤክስፋት በሚባል የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት ተዘጋጅተው ስለሚመጡና ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች ፋት 32 የሚባለውን ብቻ ስለሚያነቡ፣ እውነተኛ ባለ 64 ካርድ እንኳ ብትገዙ ማጫወቻው «ካርድ የለም» ሊላችሁ ይችላል።

ከመጠኑ ይልቅ የእኛን አገር ሰው የሚያስቸግረው ሌላ ነው። አንድ መንዙማ ወይም አንድ ስብከት ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ማጫወቻው ሲጠፋ የደረሰበትን የማያስታውስ ከሆነ አድማጩ በየቀኑ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ብዙዎቹ ደግሞ የግእዝ ፊደል ስለሌላቸው «አንቺ ሆዬ» ብለን የጫንነውን አራት ማዕዘን ሣጥን አድርገው ይደረድሩታል፤ አንድ ሽማግሌ ደንበኛችን ሣጥን እየቆጠሩ ነበር የሚፈልጉትን የሚያገኙት። አሁን የያዝነውን የመረጥሁት ስድስት ዓይነት አስመጥቼ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ከፈተንሁ በኋላ ነው። በብሉቱዝ ማዳመጫ ሬዲዮው አይሠራም ብላችሁ የመለሳችሁልን ግን፣ ዕቃው አልተበላሸም፤ የኤፍ ኤም አንቴናው የማዳመጫው ሽቦ ራሱ ስለሆነ ባለ ሽቦውን መሰካት ያስፈልጋል። ይህን ሲሸጥ መናገር የእኛ ሥራ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማችንን ለቅቄ ኅዳር መጨረሻ ላይ ስመለስ፣ ከሱቁ የቀረኝ ግድግዳውና የአባቴ ባንኮኒ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ዕቃ ሳልይዝ ቅድሚያ ከፍላችሁ «አብሽር፣ ሲመጣ ትሰጠናለህ» ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ያ ብር ነው መልሶ ያቆመኝ። ስለዚህ ዛሬ «ጠግቦ ነው» መባል ከሌላ ሰው ቢሆን ያልፈኝ ነበር፤ ከእናንተ ሲመጣ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ባለ 64ቱን ከእኛ የገዛችሁ ሁሉ ይዛችሁ ኑ፤ ካርዱን ያለ ክፍያ እንፈትሻለን፤ ሐሰተኛ ከሆነ በእውነተኛ ባለ 8 ጊጋ ካርድ እንለውጣለን፤ የያዛችሁትንም ዘፈን ማትረፍ የተቻለውን ያህል እንገለብጣለን። ማጫወቻው ራሱ ደህና ከሆነ አዲስ መግዛት አያስፈልጋችሁም። አዲሱን የሚፈልግ ነባር ደንበኛ ደግሞ በሦስት ወር ከፍሎ መጨረስ ይችላል፤ ዋስ አንጠይቅም። ከኩታበር የመጡትን እናት የምታውቁ ካላችሁ መልእክቴን አድርሱልኝ፤ አንዱን በስማቸው ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ በመሀረባቸው የያዙት ብር ለቅድሚያው ክፍያ ይበቃል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት