የተቦረቦረ ጉልበትና ያለቀ ጉልበት ለየቅል ናቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

"ያለቀ ጉልበት በላብራቶሪ ባደገ ሕዋስ ሊታደስ ነው" የሚለውን ዘገባችሁን የላከችልኝ እናቴ ናት። ሁለቱም ጉልበቶቿ በአርትራይተስ አልቀዋል። "ይኸው ተገኘ!" አለችኝ ደውላ። የሰው ሠራሽ ጉልበት ቀጠሮዋን ልትሰርዝ ነው። ይሄን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ሕክምናውን በራሴ ጉልበት አውቀዋለሁ። ወድቄ ካርቲሌጁ፣ ማለትም የአጥንቱን ጫፍ የሚያለብሰው ልም አጥንት፣ ተቦድሶ ነበር። ሐኪሙ በቀጭን ካሜራ ያነሳውን አሳየኝ። ዙሪያው ነጭ፣ ልስልስ ያለ። መሀሉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጉድጓድ፣ ከሥሯ ቀላ ያለ አጥንት። አጥንት ቢሰበር ደም ስለሚደርሰው ራሱን ይጠግናል፤ ልም አጥንት ግን የደም ሥር የሚባል ነገር ስለሌለው አንዴ ከተቦደሰ እንደነበረ አይመለስም። ዊልያም ሀንተር የተባለው ሐኪም ይህንኑ የጻፈው በ1743 እ.ኤ.አ. ነው።

ከጤነኛው ጠርዝ ትንሽ ቆርጠው ወሰዱ። ሕዋሳቱ ላብራቶሪ ውስጥ ለሳምንታት ተባዙ፤ ከዚያ ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን በተሠራ ስስ ሽፋን ላይ ሆነው በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ጉድጓዱ ላይ ተለጠፉ። ከዚያ በኋላ ክራንች፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ትዕግሥት። የስዊድን ሐኪሞች የመጀመሪያዎቹን 23 ታካሚዎች ውጤት ያሳተሙት በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። በሽፋን ላይ የሚሠራው ማሲ የተባለው ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ከሥር ያለው አጥንትም ከተጎዳ ሁለት ንብርብር ያለው መደገፊያ ያስገባሉ፤ የታችኛው አጥንት እንዲያበቅል ከካልሲየም ፎስፌት የሚሠራ ጠንካራ፣ የላይኛው ለልም አጥንቱ የሚሆን ለስላሳ። ሁለቱ ሳይላቀቁ እንዲኖሩ ማድረግ ነው ትግሉ። ድንቅ ሥራ ነው፣ አልክድም። እኔ ዛሬ ደረጃ ወጥቼ የምወርደው በሱ ነው።

ግን የኔ ጉድጓድ ዙሪያውን ጤነኛ ግድግዳ ነበረው። አዲሱ ሕዋስ የሚይዘው፣ የሚደገፈው ነገር አገኘ። የእናቴ ጉልበት እንደዛ አይደለም። ልም አጥንቱ ከዳር እስከ ዳር ሳስቷል፣ ከሥሩ ያለው አጥንት ተለውጧል፣ መገጣጠሚያው ራሱ ይቆጣል። እዚያ ላይ አዲስ ሕዋስ ብትለጥፍ ያንኑ ቁጣ ነው የሚቀምሰው። ለዚህ ነው ማሲ ለከባድ አርትራይተስ የማይሰጠው። ዘገባችሁ ይሄን በአንድ መስመር እንኳ አላነሳም፤ ርዕሱ ጭራሽ "ያለቀ" ይላል!

እባካችሁ ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን ለይታችሁ እንደገና ጻፉት። በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን። እናቴን እኔ አስረድቻታለሁ፣ ቀጠሮዋም አልተሰረዘም። የሚደውሉለት ሰው የሌላቸው ግን የሚያምኑት እናንተ የጻፋችሁትን ነው።

አንባቢያችሁ