ለወንድሜ፣ ስለ አየርና ቤንዚን

ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እማዬና አባዬስ? እህቶቻችንስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የናንተ ናፍቆት ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። ቀን ቀን ሥራ አለ፣ ማታ ማታ ደግሞ ጋራዥ እገባለሁ። ባለፈው ስንደዋወል መስመሩ ተቆራረጠና ጥያቄህን ሳልመልስልህ ቀረሁ። «ቱርቦ መኪና ላይ የሚገጥሙት የቤንዚን መቆጣጠሪያ ምን ይሠራል? ለደንበኛዬ ላስገዛው ወይ?» ነበር ያልከኝ።

አሁን አታስገዛው። ቀድሞ መገዛት ያለበት ሌላ ዕቃ አለ። ለምን እንደሆነ ግን በደንብ ላስረዳህ፣ ምክንያቱም አንተ ነገሩ ሳይገባህ እጅህን የምታስገባ ሰው አይደለህም።

1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ይህን ታውቀዋለህ። ሞተሩ ሳይጨነቅ በዝግታ ሲሄድ የሚያገለግለው ቁጥር ይኸው ነው። ነዳጁ እስከ ጥግ ሲረገጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቱርቦ፣ ማለትም አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ፣ የሌለው ሞተር ጉልበቱን የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ 12.5 እና 13 መካከል ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቤንዚኑ በዛ ማለት ነው። ቱርቦ ያለውን በተለመደው ቤንዚን ከ11 እስከ 11.8 ባለው ውስጥ እናቆየዋለን። ትርፉ ቤንዚን የሚቃጠል ኦክስጅን አያገኝም፤ ግን ሲተን ሙቀት ይወስዳል፣ ሞተሩንም ከመመታት፣ ማለትም ቤንዚንና አየሩ ሲሊንደሩ ውስጥ በራሳቸው ከመፈንዳት፣ ይጠብቀዋል። በግፊት ላይ እያለ ቤንዚን ካነሰው ፒስቶን ሊበሳ ወይም ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) የሚቀመጥበት ቦታ ሊሰበር ይችላል። ከመጠን በላይ ከበዛም ቤንዚኑ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥበዋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ የሞተር ዘይቱም ይቀጥናል።

እኔ የምማርበት መኪና ሚትሱቢሺ ኤክሊፕስ ነው፤ የ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥሪት፣ 2 ሊትር፣ ባለ ቱርቦ፣ 4ጂ63 የሚባለው ሞተር ያለው። የገባውን አየር የሚለካበት መንገድ በጣም ደስ ይለኛል። አየሩ መግቢያ ላይ የቆመች ትንሽ እንቅፋት አለች። አየሩ እሷን ሲያልፍ እየተሽከረከረ ይሄዳል፤ ሴንሰሩ ሽክርክሪቶቹን ይቆጥራል። አየሩ በበዛ ቁጥር ቆጠራው ይፈጥናል። ኮምፒዩተሩ ይህን ቆጠራ ተቀብሎ ቤንዚን የሚረጩት ኢንጀክተሮች ምን ያህል ተከፍተው መቆየት እንዳለባቸው ያሰላል።

አፔክሲ የሚሠራው ኤስ-ኤኤፍሲ የሚባለው መቆጣጠሪያ የሚገባው ከሴንሰሩ ወደ ኮምፒዩተሩ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው። ራሱ አንዲት ጠብታ ቤንዚን አይሰጥም። ሥራው እንደ አጭበርባሪ መልእክተኛ ነው፤ ሴንሰሩ 1000 ብሎ የላከውን ከመቶ 10 ቀንስ ካልከው ለኮምፒዩተሩ 900 ብሎ ያደርስለታል። ኮምፒዩተሩም አምኖ ለ900 የሚበቃ ቤንዚን ይሰጣል። እኛ መኪናው ላይ በደቂቃ 450 ሲሲ ይሰጡ የነበሩትን ኢንጀክተሮች አውጥተን 550 ሲሲ አስገባን። 450ን ለ550 ስታካፍል 0.82 ይመጣል። ስለዚህ መነሻችን በየዙሩ ከመቶ 18 መቀነስ ነበር። እስከዚህ ድረስ ተራ ሒሳብ ነው።

አሁን የምጽፍልህን ግን ቀስ ብለህ አንብበው። ኮምፒዩተሩ ያንን የአየር ቁጥር የሚጠቀምበት ለቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ካንዴላው መቼ እሳት መስጠት እንዳለበት የሚወስነውም በሱ ነው። አየሩ አነስተኛ ነው ብለህ ስትነግረው «ሞተሩ አልተጨነቀም» ብሎ ያስብና እሳቱን ያስቀድመዋል። ሞተሩ ግን በእውነቱ በሙሉ ግፊት ላይ ነው። ስለዚህ ቤንዚን የቀነስክ መስሎህ ሳታስበው ታይሚንጉንም፣ ማለትም እሳቱ የሚሰጥበትን ጊዜ፣ አስቀድመሃል። መመታት የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። ሰው ቤንዚኑን ብቻ እያየ ሲቀንስ፣ ሲቀንስ፣ ጉልበቱ ሲጨምር ደስ ብሎት ይቀጥላል። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል፤ ዕቃውን ከሚገጥሙት መካከል ይህን ለባለ መኪናው የሚነግር ብዙ አላየሁም።

ሌላም አለ። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) እና ረጋ ብሎ ሲነዳ ኮምፒዩተሩ የጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር እያየ ራሱን ያርማል። አንተ እዚያ ጋ ከኢንጀክተሮቹ ሒሳብ አልፈህ ብትቀንስ እሱ መልሶ ይጨምረዋል፤ ትርፉ ድካም ነው። ነዳጁ እስከ ጥግ ሲረገጥ ግን ያንን ሴንሰር ትቶ በራሱ ሠንጠረዥ ይሠራል። ያንተ ማስተካከያ እውነተኛ ውጤት የሚያመጣው እዚያ ላይ ነው።

«ታዲያ ያንኑ ሴንሰር ለምን አላነብም?» እንደምትል አውቃለሁ። ፋብሪካው የገጠመው ሴንሰር የሚናገረው «በዛ» ወይም «አነሰ» ብቻ ነው። 0.45 ቮልት አካባቢ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። 11 ይሁን 12.5 አይለይልህም፤ ሞተር የሚተርፈውና የማይተርፈው ደግሞ እዚያ መሃል ነው። ትክክለኛውን ቁጥር የሚሰጥህ ዋይድባንድ የሚባለው ሴንሰር ነው። ቀድሞ መገዛት ያለበት እሱ ነው ያልኩህ ለዚህ ነው።

እኛ ምንም ቁጥር ከመንካታችን በፊት የአየር መስመሩን በግፊት ሞልተን ፈተሽነው። አንዲት ቱቦ ማሰሪያዋ ላልታ ታፈስ ነበር። የተለካ አየር በመንገድ ላይ ከጠፋ ኮምፒዩተሩ ላልደረሰ አየር ቤንዚን ይሰጣል፣ ሞተሩም ቤንዚን ይበዛበታል። ያንን ሳያጠብቁ በመቆጣጠሪያው ማረም ጥፋትን መሸፈን ነው።

ከዚያ መኪናውን ዳይኖ (ቆሞ እየሄደ ጉልበቱ የሚለካበት ማሽን) ላይ አስረን በ3ኛ ማርሽ እስከ መጨረሻው ዙር ረገጥነው። 4500 ዙር ላይ 10.4 አነበብን። የምንፈልገው 11.4 ነበር። 10.4ን ለ11.4 ስታካፍል ከመቶ 9 ያህል መቀነስ እንዳለብህ ይነግርሃል። የሚያስተምረኝ ሰውዬ ግን 4 ብቻ አስቀነሰኝና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ሦስት መስመር አሳየኝ፤ ቤንዚኑን፣ ታይሚንጉንና የመመታት ሴንሰሩን። ቁጥሩ 10.8 ሆነ፣ እሳቱም በጥቂቱ ቀደመ፣ የመመታት ምልክት ግን የለም። ሞተሩን አጥፍተን ካንዴላ ፈታን። ነጩን ሸክላ በአጉሊ መነጽር አየነው፤ ብርማ ነጠብጣብ የለበትም። ነጠብጣቡ ካለ ከፒስቶኑ የተነሳ አልሙኒየም ነው። ከዚያ በኋላ ነው ቀጣዩን የቀነስነው። መመታት የታየ ቀን ቤንዚኑን ወዲያው እንመልሳለን፤ በዚህ ክርክር የለም።

አንተ ካንዴላ አይተህ ካርቡሬተር የምታስተካክል ሰው ነህ። ያ ዓይንህና ጆሮህ እዚህም ይሠራሉ፣ ብዙ ወጣት መካኒኮች የላቸውም። የጎደለህ መለኪያው ብቻ ነው።

ዋይድባንዱን ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ። ስትገጥመው ከቱርቦው በታች ይሁን፤ አፍንጫው ከጎን ትንሽ ወደ ታች እንዲያዘነብል በይድ፣ ውሃ ከተጠራቀመበት ይሰነጠቃል። ከሱ በፊት የሚያፈስ የጭስ ቱቦ ካለ አየር ይስብና ቤንዚን ያነሰው ያስመስላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ያንን ድፈን። ሞተሩ እየሠራ ኤሌክትሪክ ሳያገኝም ጭስ ውስጥ እንዳይቆይ፤ ይበላሻል።

እስከዚያው የደንበኛህ መኪና ኢንጀክተሮች ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብበህ ላክልኝ፣ የአየር መለኪያውንም በፎቶ አንሳው። ሁሉም መኪና እንደ ኤክሊፕስ ሽክርክሪት አይቆጥርም፤ በጋለ ሽቦ የሚለካ አለ፣ በግፊት የሚያሰላም አለ። የየትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ሽቦ ቁረጥ አልልህም።

ለእማዬና ለአባዬ ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እህቶቻችንን ደግሞ በየስማቸው ሰላም በልልኝ።

ታላቅ ወንድምህ