ሦስት የዶሮ ቤት ለሱማትራዎቻችን፦ የድጋፍ ጥሪ

ጠዋት በሩን ስከፍት ቀድሞ የሚወጣው ትልቁ አውራ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን እንደ ጥንዚዛ ጀርባ አረንጓዴ ያብለጨልጫል። ፊቱ እንደ ሌላው አውራ ዶሮ ቀይ አይደለም፤ ወደ ሐምራዊ ያደላ ጥቁር ነው። እግሩን ቀረብ ብሎ ላየ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ሌላው አውራ በየእግሩ ከኋላ አንድ ቀንድ መሰል ሹል ሲያበቅል፣ ይሄኛው ሦስትና ከዚያ በላይ ይደረድራል።

ዘሩ ሱማትራ ይባላል፤ ስሙ ከኢንዶኔዥያዋ ደሴት የመጣ ነው። በ1847 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገባ። በ1883 ደግሞ የአሜሪካ የዶሮ እርባታ ማኅበር የዶሮ ዘሮች መመዘኛ በሆነው የደረጃ መጽሐፉ ውስጥ አሰፈረው። ከተዋጊ ዶሮዎች ወገን ቢሆንም ዛሬ የሚያዘው ለመልኩ ነው። እንቁላል ለሚፈልግ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልመክርም። ሴቷ የምትጥለው ጥቂት ነው። መታቀፍ ላይ ግን ማን ብሏት! እጄን ወደ እንቁላሉ ስሰድ ላባዋን ነፍታ በመንቆሯ ትወጋኛለች።

ችግራችን ዝምድና ነው። ያሉን ዶሮዎች በሙሉ የአንድ አባት ዘር ናቸው። ጥፋቱ የኔም ነው፤ በጅራቱ ማማር ተታልዬ አንዱን አውራ ለሦስት ዓመት አስቀመጥኩት። ባለፈው ወቅት ከታቀፉት እንቁላሎች ብዙዎቹ ሳይፈለፈሉ ቀሩ።

ስለዚህ ዝምድና የሌላቸው ዶሮዎች አምጥተን ሦስት ቤተሰብ ልናደርጋቸው ነው። ሴት ጫጩቶች እናታቸው ቤት ይቀራሉ። የተመረጡት ወንዶች በየዓመቱ ወደ ቀጣዩ ቤት ይዛወራሉ። እንዲህ ሲሆን አባትና ልጅ፣ ወንድምና እህት አይገናኙም።

ቤቱ ተራ ቤት ቢሆን ኖሮ ባላስቸገርናችሁ። ጅራታቸው መሬት እየተጎተተ እንዳይበላሽ ቆጡ ከፍ ማለት አለበት። በደንብ ስለሚበሩ ላዩ መረብ ይፈልጋል። አውራዎቹ ከተያዩ ደግሞ ሰላም የለም፤ በየቤቱ መካከል ያለው ግድግዳ ከታች በጣውላ መደፈን አለበት።

ገንዘብ ያለው የአቅሙን ይስጥ። ሽቦ፣ ቆርቆሮ፣ የተረፈ ጣውላ ያለውም ይዞ ይምጣ። ጉልበት ብቻ ያለው ሰው መዶሻ አያጣም። ይህን ዘር የሚያረባ ካለ እንቁላል እንለዋወጥ። የወጣውን ሁሉ ከነደረሰኙ ለሰጪዎች እናሳያለን። ለማዋጋት አውራ የሚፈልግ ሰው ግን ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።

ዶሮዎቹ መታቀፍ ሳይጀምሩ መጨረስ አለብን። እስካሁን የመጀመሪያው ቤት ምሰሶ ቆሟል። ሽቦ የለውም።