በአራስ ቤቴ ደጃፍ ደቦ ለወጣችሁልኝ ሁሉ

ልጄ መስከረም 26 በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሣች። ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ተቀምጦ በላ ጠጣ፣ ልጆች ሲሯሯጡ ዋሉ። ያን ዕለት እየዞርኩ አንድ በአንድ ላመሰግናችሁ አስቤ ነበር፤ እንባዬ እየቀደመኝ አልሆነልኝም። ያኔ ያልወጣልኝን ቃል ይኸው ዛሬ ጻፍኩት።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ያለው ይህ ቤት የእናቴ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ ሦስት ክረምት ተዘግቶ ከረመ። እኔና ባለቤቴ በሰኔ የኪራይ ቤታችንን ለቅቀን ስንገባ፣ የወፍ ቆሎው አጥሩን ውጦ መስኮቱን ጋርዶታል፤ ሙጃው ወገብ ይደርሳል፤ ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ሳማ፣ በአሮጌው ጉድጓድ ዙሪያ ደግሞ አስተናግር በቅሎበታል። ሳልወልድ እናስጠርገዋለን ብለን ነበር። ቀብድ ተቀብሎ የቀረ ሰውም ነበር፤ እሱን እግዜር ይይለት። ልጄ ግን ቀኗን አልጠበቀችም። ሐምሌ 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ በኦፕራሲዮን ተወለደች።

ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሟ «ለስድስት ሳምንት ከልጅሽ የከበደ ነገር እንዳታነሺ» አለችኝ። ለባለቤቴ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሚገባው የአባትነት ፈቃድ 3 ቀን ነው፤ ሦስቱም ሆስፒታል ውስጥ አለቁ። ሥራው ሌላ ከተማ ስለሆነ እያለቀሰ ሄደ። የሽንት ጨርቋ ቤት ውስጥ ተሰጥቶ ሦስት ቀን አይደርቅም። አንድ ጠዋት የጎረቤት ልጅ ደረጃው ሥር እባብ የጣለውን ቆዳ አገኘ። ያን ሌሊት ልጄን ታቅፌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ እናቴን እየጠራሁ አለቀስኩ። እናት የሌላት አራስ ሌሊቱ እንዴት እንደሚረዝምባት ያየችው ታውቀዋለች።

እማማ፣ እርስዎ ከማዶ ገንፎ ይዘው የመጡት በማግሥቱ ነው። «ማርያም ጭንሽን ታሙቀው» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ፤ ልጅቷን አዩ፤ ቀጥሎ ወደ መስኮቱ ዞረው «ይቺ ልጅ ፀሐይ የምትሞቀው የት ነው?» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም።

ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት፣ ነሐሴ 17፣ በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ። አሥራ አራት ሰው ቆጠርኩ። ዶማ፣ ማጭድ፣ ገጀራ፣ አካፋ። የደቦ ወጉ ባለቤቱ አብልቶ አጠጥቶ ማሠራት ነው፤ እናንተ ግን ዳቧችሁንም፣ ሽሮአችሁንም፣ ቡናችሁንም ይዛችሁ መጣችሁ። ወንፈል ቢሆን ተራዬን ጠብቄ ጉልበቴን በመለስኩ ነበር። ይሄ ግን በምን ይመለሳል?

በረንዳው ላይ ዱካ አውጥታችሁ አስቀመጣችሁኝ። ልጄን እያጠባሁ ዋልኩ፤ ያየሁትን በሙሉ አስታውሰዋለሁ። እማማ ዱላቸውን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፤ ጎረምሶቹ ከኋላቸው። አሮጌ ቀይ ሻሽ ቀዳደው ይዘዋል፤ መቆረጥ የሌለበትን እያዩ ቅዳጁን ያስሩበታል። «ይሄ ጌሾ ነው፣ እጃችሁን አንሡ። ይሄ ግራዋ ነው፤ እንስራ የሚያጥበው ምን መሰላችሁ? ይሄ ዳማከሴ ነው።» እኔ ዱር ብቻ ነበር የማየው። እሳቸው ግን ከእናቴ ጋር አብረው የተከሉትን ያውቁ ነበር።

ከቀትር በኋላ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። መዳፋቸውን አፍንጫዬ ሥር አደረጉና «ይቺን ታውቂያታለሽ?» አሉኝ። ጤና አዳም። የእናቴ ቡና ሽታ። ከሙጃው ሥር ሦስት ክረምት ታፍና፣ ቀጥና፣ ግን ሳትሞት ቆይታ! ልጄ ጡቴን ለቅቃ ቀና አለች፤ እኔ መናገር አቃተኝ። «እናትሽ አለች፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እንደ ቀደመው አላለቀስኩም።

ጓሮ ያለችው የቡና ዛፍም ተገኘች። ችግኟን እናቴ በጀልባ ከዘጌ ያመጣቻት ጊዜ እኔ ተማሪ ነበርኩ። የወፍ ቆሎው ተጠምጥሞባት ስለነበር ሁለት ቅርንጫፍ ተሰብሯል፤ የቀሩት ግን ፍሬ ይዘዋል።

የሰፈራችን ወጣቶች፣ ያን እሾህ በገጀራ ቆርጣችሁ ብቻ መሄድ ትችሉ ነበር። የተቆረጠ የወፍ ቆሎ ከጉቶው መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ ስለምታውቁ ከነሥሩ በዶማ ነቀላችሁት፤ ክንዳችሁ ተቧጥሮ ደም በደም ሆኖ አይቻለሁ። አስተናግሩን ፍሬው ሳይፈነዳ በጆንያ ከታችሁ አወጣችሁልኝ። ስሙ እንደሚለው የበላውን የሚያስለፈልፍ መርዝ ነውና፣ ነገ ድክ ድክ ስትል ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ለምትወስድ ልጅ ያደረጋችሁትን አስቡት።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እህቴ፣ ልጄን ልታዪ መጥተሽ ጫማሽን አውልቀሽ አካፋ ያነሣሽው አንቺ ነሽ። «ሣሩ ለወባ ትንኝ ማረፊያ ነው፤ የምትራባው ግን ውሃው ውስጥ ነው» ብለሽ ያ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ በአፈር እንዲሞላ አደረግሽ። እዚህ አገር ወባ የሚብሰው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ወዲያ ስለሆነ በጊዜው ደረስሽልን። አጎበሩንም በእጅሽ ሰቅለሽልኝ ሄድሽ።

ባለቤቴ፣ አንተንም አመሰግንሃለሁ። በየሌሊቱ እየደወልክ እስክተኛ ድረስ ስልኩን ሳትዘጋ አብረኸኝ አድረሃል።

መስከረም 26 ዘመነ ጽጌ የሚገባበት ቀን ነው፤ ክረምቱ በዋዜማው ይወጣል። ቀኑን እኔ አልመረጥኩትም፤ የልጄ ሰማንያ ቀን በአበባው ወር መጀመሪያ ላይ ዋለ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የሽንት ጨርቋ ገመዱ ላይ ነጭ ሆኖ ደርቆ ነበር። አሁን በየጠዋቱ፣ መስኮቱ ላይ በነበረው ጥላ ቦታ፣ ፀሐይ ትሞቃለች።

አንድ ማጭድ እኔ ቤት ቀርቷል። እጀታው በጥቁር ላስቲክ የተጠመጠመ ነው። ባለቤቱ መጥቶ ይውሰድ፤ ግን ጤና አዳም የገባበት ቡና ሳይጠጣ አይወጣም።